ፀሐይን በየቀኑ የመዘገበው መድኃኒት ቀማሚ

ፀሐይን የማያውቅ ሰው የለም። ገበሬ እህሉን አጭዶ የሚያደርቅባት፣ ጥላውን አይቶ ሰዓቱን የሚገምትባት እሷው ናት። ነገር ግን በየቀኑ ስለምናያት ብቻ ጠባይዋን ሁሉ አውቀነዋል ማለት አይደለም። ፀሐይ አንድ ትልቅ ጠባይ ነበራት። ይህንንም ጠባይ ሰው ለብዙ ሺህ ዘመን ሳያስተውለው ኖሯል። በመጨረሻ ያስተዋለው ሰው ንጉሥ አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርም አልነበረም። በጀርመን አገር በአንዲት ከተማ የሚኖር መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ስሙም ሳሙኤል ሃይንሪሽ ሽቫቤ ይባላል።

ይህ ሰው ከሌላው የተለየ ዓይን አልነበረውም። ታዲያ ሌላው ያላየውን እሱ እንዴት ሊያይ ቻለ? ያየውን በየቀኑ ስለ ጻፈ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ሰው ሕይወትና ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምናገኛቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን እናስታውስ።

1. ትውልዱና ሥራው

ሽቫቤ የተወለደው ኦክቶበር 25 ቀን 1789 ደሳው በምትባል ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ጀርመን አንድ መንግሥት አልነበረችም። በብዙ መሳፍንት ተከፋፍላ ትኖር ነበር። ደሳውም ከነዚህ የአንደኛው መስፍን መቀመጫ ነበረች።

የሽቫቤ አባት ሐኪም ነበር። የእናቱ ወገኖች ደግሞ መድኃኒት ቤት ነበራቸው። ልጁም በዚሁ በመድኃኒት ሥራ አደገ። ከዚያም በርሊን ሄዶ ትምህርቱን ተከታተለ። ከትምህርቱ ሲመለስ የቤተ ሰቡን መድኃኒት ቤት ተረክቦ ያስተዳድር ጀመር።

የመድኃኒት ቀማሚ ሥራ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህን ያህል ከዚህ፣ ያን ያህል ከዚያ ብሎ መዝኖ መቀላቀል ያስፈልጋል። የተቀመመውን መጻፍ ያስፈልጋል። በግምት የሚቀመም መድኃኒት በሽተኛውን ሊገድል ይችላል። ሽቫቤም መዝኖ፣ ቆጥሮና ጽፎ መሥራትን የለመደ ሰው ነበር።

ከሥራው ሌላ ሁለት ነገር ይወድ ነበር። አንደኛው ዕፀዋትን መመርመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሰማይ አካላትን በቴሌስኮፕ መመልከት ነው። ቴሌስኮፕ ማለት ሩቅ ያለውን ነገር አቅርቦና አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ሽቫቤ በ1829 መድኃኒት ቤቱን ሸጦ ጊዜውን በሙሉ ለዚህ ምርምር አዋለው።

2. ማዲያት ያለባት ፀሐይ

ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብርሃኗ ከዚያ ተነሥቶ መሬት ላይ እስኪደርስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከሩቅ ስለምናያት ትንሽ ትመስለናለች እንጂ ትልቅነቷ የሚያስገርም ነው። እኛ የምንኖርባትን መሬት የሚያካክሉ 109 ኳሶች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ነው የፀሐይን ወርድ የሚሞሉት።

የፀሐይ ፊት ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። በሰው ፊት ላይ ማዲያት እንደሚወጣ ሁሉ፣ በፀሐይም ፊት ላይ አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ ለጥቂት ቀን ወይም ለጥቂት ሳምንት ይቆይና ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ በሌላ ቦታ ሌላ ነጥብ ይወጣል። ከሩቅ ሲያዩት ነጥብ ይምሰል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ነጥብ ብቻውን ከመሬታችን ይበልጣል።

የቻይና ሰዎች ከ2,000 ዓመት በፊት ጀምረው ትልልቆቹን ነጥቦች አይተው ጽፈዋቸዋል። በ1610 እና በ1611 ደግሞ እንደ ኢጣልያዊው ጋሊሌዎ ያሉ የአውሮፓ ሊቃውንት በቴሌስኮፕ ተመለከቷቸው። ከዚያ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ብዙ ሰዎች ነጥቦቹን አይተዋል። ነገር ግን ነጥቦቹ እንዲያው በዘፈቀደ የሚመጡና የሚሄዱ ነበር የሚመስላቸው። ሥርዓት ይኖራቸዋል ብሎ ዓመት ከዓመት የቆጠረ ሰው እምብዛም አልተገኘም።

3. ሌላ ነገር ሲፈልግ

ሽቫቤም ቢሆን ሥራውን ሲጀምር የፈለገው ነጥቦቹን አልነበረም። የፈለገው አዲስ ፕላኔት ነበር። ፕላኔት ማለት እንደ መሬታችን ፀሐይን የሚዞር አካል ነው። በዚያን ጊዜ ከሚታወቁት ፕላኔቶች ሁሉ ለፀሐይ የምትቀርበው ሜርኩሪ ነበረች። አንዳንድ ሰዎች ግን ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የሚቀርብ ሌላ ትንሽ ፕላኔት ሳይኖር አይቀርም ብለው ያስቡ ነበር።

እንዲህ ያለ ፕላኔት ቢኖር እንዴት ይታያል? ለፀሐይ በጣም ስለሚቀርብ ብርሃኗ ይሸፍነዋል። ሆኖም በፀሐይና በእኛ መካከል የሚያልፍበት ቀን ቢኖር፣ በፀሐይ ፊት ላይ የሚሄድ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ይህን ለማየት ፀሐይን በየቀኑ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ፀሐይ የራሷ ጥቁር ነጥቦች አሏት። ታዲያ አዲስ ነጥብ ሲታይ ፕላኔት ይሁን የፀሐይ ማዲያት በምን ይለያል? የራስን ከብት ሳያውቁ ከመንጋው የተቀላቀለውን የሰው ከብት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሽቫቤ የፀሐይን ነጥቦች አንድ በአንድ ማወቅ ነበረበት። በ1825 ሥራውን ጀመረ። ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ በጠቆረ መስተዋት በኩል በቴሌስኮፕ ፀሐይን ያያል፤ ክብ ይሥላል፤ ነጥቦቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል፤ ቀኑን ይጽፋል፤ ቁጥራቸውንም ይመዘግባል።

የፈለገውን ፕላኔት ግን አላገኘውም። እንዲህ ያለ ፕላኔት እንደሌለ ዛሬ እናውቃለን። ሽቫቤ ያልነበረ ነገር ሲፈልግ ደብተሩ በሌላ ነገር ይሞላ ነበር።

4. ሽቫቤ የሚጽፈው እንዴት ነበር?

የሽቫቤን አጻጻፍ ልብ ብለን እንመልከት። ለእኛም የሚጠቅም ትምህርት አለበት።

ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ተሰባስበው ነው የሚወጡት። እንደ ከብት መንጋ አንድ ላይ ይሆናሉ። ስለዚህ ሽቫቤ በዓመቱ ውስጥ ስንት መንጋ እንደ ታየ ይቆጥራል።

ሁለተኛ፣ ፀሐይን ያየበትን ቀን ይቆጥራል። ደመና የሸፈናት ቀን አይቆጠርም፤ አላያትምና።

ሦስተኛ፣ ፀሐይን አይቶ አንድም ነጥብ ያላገኘበትን ቀን ለብቻው ይቆጥራል። ይህን ቀን እኛ “ባዶ ቀን” እንበለው።

ይህ ሦስተኛው ነገር ትልቅ ቁም ነገር አለው። አንድ ሰው ምንም ካላየ ምን ይጽፋል? ብዙዎቻችን “ዛሬ ምንም የለም፤ ምን ይጻፋል?” ብለን እንተወው ነበር። ሽቫቤ ግን አልተወውም። “ዛሬ አየሁ፤ ምንም የለም” ብሎ ጻፈ። ይህን ባይጽፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ከ10 ዓመት በኋላ ደብተሩን ሲገልጥ ባዶውን ቦታ ያገኛል። ያን ቀን ደመና ነበር? ታሞ ነበር? ረስቶ ነበር? ወይስ ፀሐይ ጥርት ብላ ነበር? ሊያውቀው አይችልም። “አየሁ፤ የለም” ማለትና “አላየሁም” ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ሽቫቤ ይህን ልዩነት መዝግቦ መያዙ ነው በኋላ የጠቀመው።

5. ቁጥሮቹ ምን ተናገሩ?

ከ1826 እስከ 1843 ድረስ 18 ዓመት አለ። በነዚህ 18 ዓመቶች ውስጥ ሽቫቤ ፀሐይን ያየበት ቀን ሲደመር ከ4,500 ይበልጣል። እስቲ የደብተሩን ቁጥሮች አብረን እናንብባቸው። መጀመሪያ ዓመቱ፣ ቀጥሎ ፀሐይን ያየበት ቀን፣ ቀጥሎ የነጥብ መንጋ ብዛት፣ በመጨረሻም ባዶው ቀን ተጽፏል።

1826፦ ያየበት ቀን 277፣ መንጋ 118፣ ባዶ ቀን 22
1827፦ ያየበት ቀን 273፣ መንጋ 161፣ ባዶ ቀን 2
1828፦ ያየበት ቀን 282፣ መንጋ 225፣ ባዶ ቀን 0
1829፦ ያየበት ቀን 244፣ መንጋ 199፣ ባዶ ቀን 0
1830፦ ያየበት ቀን 217፣ መንጋ 190፣ ባዶ ቀን 1
1831፦ ያየበት ቀን 239፣ መንጋ 149፣ ባዶ ቀን 3
1832፦ ያየበት ቀን 270፣ መንጋ 84፣ ባዶ ቀን 49
1833፦ ያየበት ቀን 267፣ መንጋ 33፣ ባዶ ቀን 139
1834፦ ያየበት ቀን 273፣ መንጋ 51፣ ባዶ ቀን 120
1835፦ ያየበት ቀን 244፣ መንጋ 173፣ ባዶ ቀን 18
1836፦ ያየበት ቀን 200፣ መንጋ 272፣ ባዶ ቀን 0
1837፦ ያየበት ቀን 168፣ መንጋ 333፣ ባዶ ቀን 0
1838፦ ያየበት ቀን 202፣ መንጋ 282፣ ባዶ ቀን 0
1839፦ ያየበት ቀን 205፣ መንጋ 162፣ ባዶ ቀን 0
1840፦ ያየበት ቀን 263፣ መንጋ 152፣ ባዶ ቀን 3
1841፦ ያየበት ቀን 283፣ መንጋ 102፣ ባዶ ቀን 15
1842፦ ያየበት ቀን 307፣ መንጋ 68፣ ባዶ ቀን 64
1843፦ ያየበት ቀን 312፣ መንጋ 34፣ ባዶ ቀን 149

አሁን የመንጋውን ቁጥር በጣታችን ተከትለን ከላይ ወደ ታች እንውረድ። ከ118 ተነሥቶ እስከ 225 ይወጣል። ከዚያ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ 33 ላይ ይደርሳል። እንደገና ይነሣና 333 ይሆናል። እንደገና ደግሞ ይወርዳል፤ 34 ላይ ይደርሳል። ነገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በ1833 ነጥቦቹ እጅግ ጥቂት ሆኑ፤ ከ10 ዓመት በኋላ በ1843 እንደገና እጅግ ጥቂት ሆኑ።

ባዶውን ቀን ስናይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ነጥብ በበዛበት ዘመን አንድም ባዶ ቀን የለም። ነጥብ ባነሰበት ዘመን ባዶው ቀን ከ100 በላይ ይሆናል።

“ምናልባት ነጥቡ የበዛው ሽቫቤ ብዙ ቀን ስላየ ይሆናላ!” የሚል ሊኖር ይችላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እዚያው ደብተሩ ላይ አለ። በ1837 ፀሐይን ያየው 168 ቀን ብቻ ነው፤ የመንጋው ቁጥር ግን ከሁሉ የበለጠ ሆነ። በ1843 ያየው 312 ቀን ነው፤ የመንጋው ቁጥር ግን 34 ብቻ ነው። ስለዚህ ለውጡ የመጣው ከሰውየው ሳይሆን ከፀሐይዋ ነው። ያየበትን ቀን ባይጽፍ ኖሮ ይህን መልስ መስጠት ባልቻለ ነበር።

6. ሰሚ እስኪገኝ ድረስ

ሽቫቤ ያገኘውን ነገር በ1844 በአንድ የጀርመን የሥነ ፈለክ መጽሔት አወጣው። ሥነ ፈለክ ማለት ስለ ሰማይ አካላት የሚያጠና ትምህርት ነው። ጽሑፉ አጭርና ትሕትና ያለው ነበር። ነጥቦቹ በ10 ዓመት ገደማ እየበዙና እየቀነሱ የሚመላለሱ እንደሚመስል ገለጠ። ይህ ሁልጊዜ እንደዚህ መሆን አለመሆኑን ግን ወደፊት የሚታይ ነው አለ። ያላወቀውን አውቄአለሁ አላለም።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ሽቫቤ ግን አልተቀየመም፤ ሥራውንም አላቆመም። እንደ ወትሮው በየቀኑ ማየቱንና መጻፉን ቀጠለ።

በ1851 ግን ነገሩ ተለወጠ። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የተባለ ስመ ጥር የጀርመን ሊቅ ስለ ዓለም ተፈጥሮ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የሽቫቤን ቁጥሮች አተመ። መጽሐፉ በብዙ አገር ይነበብ ነበርና የሽቫቤ ሥራ ታወቀ።

ወዲያው በ1852 ሌላ አስገራሚ ነገር ተገኘ። የኮምፓስን መርፌ እናውቃለን፤ ወደ ሰሜን ታመለክታለች። ሆኖም መርፌዋ በቀን ውስጥ በጣም ጥቂት ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ይህ ውዝዋዜ በአንዳንድ ዓመት ይበዛል፤ በአንዳንድ ዓመት ያንሳል። ኤድዋርድ ሴቢን፣ እንዲሁም የስዊዘርላንድ ሰዎች የሆኑት ሩዶልፍ ቮልፍና አልፍሬድ ጎቲየር፣ ሦስቱም ሳይመካከሩ አንድ ነገር ላይ ደረሱ። የመርፌዋ ውዝዋዜ የሚበዛው የፀሐይ ነጥቦች በሚበዙበት ዘመን ነው! ፀሐይ በብርሃንና በሙቀት ብቻ ሳይሆን በሌላ መንገድም መሬትን እንደምትነካ በዚህ ታወቀ።

ቮልፍ በዚህ አላበቃም። ከጋሊሌዎ ዘመን ጀምሮ የተጻፉትን የቆዩ መዛግብት እየፈለገ አሰባሰበ። ቁጥሩንም አስተካከለ፤ ዙሩ በአማካይ 11 ዓመት ያህል ሆኖ ተገኘ። አማካይ በመሆኑም አንዳንዱ ዙር ከዚህ ያጥራል፤ አንዳንዱም ይረዝማል።

በ1857 በሎንዶን የሚገኘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ማኅበር ለሽቫቤ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በሽልማቱ ንግግር የሰውየውን ድካም በሦስት ከፈለው። 12 ዓመት ራሱ እስኪያምን፣ 6 ዓመት ለሰው እስኪገልጠው፣ 13 ዓመት ደግሞ ዓለም እስኪቀበለው ደከመ። ሲደመር 31 ዓመት ነው።

ሽቫቤ ስለ ራሱ ሲናገር፣ ዕጣዬ እንደ ሳኦል ነው ይል ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ እንደሚነገረው ሳኦል የጠፉትን የአባቱን አህዮች ሊፈልግ ወጥቶ መንግሥት አገኘ። ሽቫቤም ፕላኔት ሊፈልግ ወጥቶ የፀሐይን ጠባይ አገኘ።

ሰውየው እስከ 1867 ድረስ፣ ማለትም 42 ዓመት ያህል፣ ፀሐይን ሲመዘግብ ኖረ። ኤፕሪል 11 ቀን 1875 በተወለደባት በደሳው ከተማ በ85 ዓመቱ ዐረፈ።

7. ነጥቡ ምንድን ነው?

ሽቫቤ ነጥቦቹን ቆጠረ እንጂ ምንነታቸውን አላወቀም። ይህን ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው የደረሱበት። በ1908 ጆርጅ ኤለሪ ሄል የተባለ አሜሪካዊ በነጥቦቹ ውስጥ ብርቱ የማግኔት ኃይል መኖሩን አረጋገጠ።

ነገሩን በምሳሌ እንረዳው። ድስት ተጥዶ ሲንተከተክ ከሥር የጋለው ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይወርዳል። ፀሐይም እንደዚሁ ከውስጧ ወደ ውጭ ትንተከተካለች። ብርቱ የማግኔት ኃይል ባለበት ቦታ ግን ይህ መንተክተክ ይታገዳል። ከሥር የሚመጣው ሙቀት ስለሚቀንስ ያ ቦታ ከአካባቢው ይቀዘቅዛል። የፀሐይ ፊት ሙቀት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ የነጥቡ መካከል ግን 4,000 ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ይህም ቢሆን ብረት አቅልጦ ውኃ የሚያደርግ እሳት ነው። ጥቁር የሚመስለን አጠገቡ ያለው ይበልጥ ስለሚያበራ ብቻ ነው።

ነጥቦች በሚበዙበት ዘመን ፀሐይ አንዳንድ ጊዜ ትፈነዳለች። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን የነጥቦችን ሥዕል ሲሥል በነጥቦቹ ላይ ድንገት ብርቱ ብርሃን ብልጭ ሲል አየ። አንድ ቀን ሳይሞላ በአውሮፓና በአሜሪካ የቴሌግራፍ ሽቦዎች ታወኩ። በአንዳንድ ቦታ ሠራተኞቹ ባትሪውን ነቅለው፣ ከሰማይ በመጣው ኃይል ብቻ መልእክት አስተላለፉ። ማርች 13 ቀን 1989 ደግሞ በካናዳ በኬቤክ ግዛት እንዲህ ባለ የፀሐይ ማዕበል ምክንያት 6 ሚሊዮን ሰዎች ለ9 ሰዓት ያህል መብራት አጥተው ዋሉ።

ዛሬ መብራቱ፣ ስልኩ፣ በሰማይ የሚዞረው ሳተላይት ሁሉ በዚህ ምክንያት ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሽቫቤ ብቻውን የጀመረውን ቆጠራ ዛሬ በብዙ አገር የሚገኙ ባለሙያዎች በየቀኑ ይቀጥሉታል።

8. ነጥቡን ቆጥሮ ዝናቡን ማወቅ ይቻላል ወይ?

ይህ ጥያቄ ከእርሻ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄውም አዲስ አይደለም። በ1801 ዊልያም ኸርሸል የተባለው ሊቅ በእንግሊዝ አገር የስንዴን ዋጋ ከፀሐይ ነጥቦች ጋር ለማስተያየት ሞክሮ ነበር። ነጥብ ሲጠፋ ስንዴ ይወደዳል ብሎ ገመተ። ግምቱ ግን ጸንቶ አልቆመም።

በሳተላይት እንደተለካው፣ ነጥብ በበዛበትና ባነሰበት ዘመን መካከል ፀሐይ በምትሰጠው ጠቅላላ ኃይል ላይ ያለው ልዩነት ከ1,000 እጅ 1 እጅ ያህል ብቻ ነው። ዝናብን ደግሞ ብዙ ነገር ያመጣዋል፤ ብዙ ነገርም ያስቀረዋል። ባሕሩ፣ ነፋሱ፣ ተራራው ሁሉ ድርሻ አለው። ስለዚህ “ዘንድሮ የፀሐይ ነጥብ በዝቷል፤ ክረምቱም ያምራል” ብሎ የሚናገር ሰው ቢያጋጥመን፣ “ይህን በስንት ዓመት መዝገብ አረጋገጥከው?” ብለን እንጠይቀው።

9. የዓይን ማስጠንቀቂያ

ይህን ትምህርት አንብቦ ፀሐይን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። ፀሐይን ትክ ብሎ ማየት የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ያቃጥላል። ያ ክፍል ሕመም ስለማይሰማው፣ ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ዓይኑ ከፈዘዘ በኋላ ነው። የተጎዳውም ላይመለስ ይችላል። በጥላሸት የጠቆረ መስተዋት፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ በውኃ ውስጥ ማየት፣ እነዚህ ሁሉ አያድኑም። በቴሌስኮፕ ወይም በወታደር መነጽር ያለ ልዩ መከላከያ ማየት ደግሞ ወዲያውኑ ሊያሳውር ይችላል። ይህን ለልጆችም እንንገራቸው፤ በተለይ ፀሐይ በጨረቃ በምትጋረድበት ቀን።

የፀሐይን መልክ ያለ ጉዳት ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ዘዴ አለው። በጎጆ ጣራ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስትኖር ወለሉ ላይ ክብ ብርሃን ታርፋለች። ቀዳዳዋ ክብ ባትሆን እንኳ ብርሃኗ ክብ ናት። ምክንያቱም ያቺ ክብ የፀሐይዋ መልክ ናት። ፀሐይ በምትጋረድበት ቀን ያቺው ክብ እንደ ማጭድ ጎድላ ትታያለች። ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ይህን ማየት ምንም ጉዳት የለውም። ነጥቦቹን ለማየት ግን አትበቃም።

10. ከዚህ ሕይወት ምን እንወስዳለን?

አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። የሽቫቤ ሥራ የዚህ ምስክር ነው። ነጥቦቹ የሚመላለሱበት ዙር ከ10 ዓመት በላይ ይወስዳል። ይህን በትዝታ ብቻ መያዝ የሚችል አእምሮ የለም። የዛሬ 9 ዓመት ፀሐይ ላይ ስንት ነጥብ እንደነበረ ማን ያስታውሳል? ማንም። ደብተሩ ግን አልረሳም።

እኛስ? የድርቁን ዓመት እናስታውሳለን። ጎርፍ የወረደበትን ዓመት እናስታውሳለን። ነገሩ ክፉ ስለነበር ከልባችን አይጠፋም። መካከለኛውን ዓመት ግን እንረሳዋለን። ዝናቡ መቼ ጀመረ? ስንት ቀን ዘነበ? ማሳው ስንት ኩንታል ሰጠ? ላሚቱ መቼ ወለደች? ይህን ሁሉ በትዝታ ስንከራከርበት እንውላለን። አንዱ “ድሮ እንዲህ ነበር” ይላል፤ ሌላው “የለም፤ እንዲያ ነበር” ይላል። የተጻፈ ነገር ቢኖር ግን ክርክሩ በአንድ ገጽ ያልቃል።

ፊደል የቆጠረ ሰው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ካለው ይህን መጀመር ይችላል። ትልቅ ነገር መጻፍ አያስፈልግም። ቀኑን ጽፎ “ዘነበ” ወይም “አልዘነበም” ማለት ይበቃል። ያልዘነበበትንም ቀን መጻፍ እንዳንረሳ፤ ባዶው ቀንም ቀን ነው። ሳናይ የዋልንበት ቀን ካለም “አላየሁም” ብለን እንጻፍ እንጂ በግምት አንሙላው።

እንዲህ ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። የተማርነው ፊደል ካልሠራንበት ይጠፋል፤ እንዳልታረሰ ማሳ ዳዋ ይውጠዋል። በየቀኑ አንድ መሥመር የሚጽፍ ሰው ግን ፊደሉን አይረሳም።

የሽቫቤ ደብተሮች ዛሬ በሎንዶን በዚያው በሸለመው ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እሱ ከሞተ ከ130 ዓመት በኋላ የዘመናችን ተመራማሪዎች ከ8,000 በላይ የሚሆኑትን የፀሐይ ሥዕሎቹን በኮምፒዩተር አስገብተው እያንዳንዱን ነጥብ ለክተዋል። በሽቫቤ ዘመን ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ሳተላይትም አልነበረም። ያን ዘመን ወደ ኋላ ተመልሶ ፀሐይን የሚያይ መሣሪያ ዛሬም የለም። ስለዚያ ዘመን ፀሐይ ማወቅ የፈለገ ሁሉ የመድኃኒት ቀማሚውን ደብተር መግለጥ አለበት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሽቫቤ መጀመሪያ የፈለገው ምን ነበር? ያገኘውስ ምንድን ነው?
2. “አየሁ፤ የለም” ማለትና “አላየሁም” ማለት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከራሳችሁ ሥራ ምሳሌ ስጡ።
3. በቁጥሮቹ ውስጥ የነጥብ መንጋ ከሁሉ የበዛው በየትኛው ዓመት ነው? ከሁሉ ያነሰውስ? በነዚያ ዓመቶች ባዶው ቀን ስንት ነበር?
4. ፀሐይን በዓይን ትክ ብሎ ማየት ለምን ይጎዳል? ይህን ለልጆች እንዴት ታስረዳላችሁ?
5. በአካባቢያችሁ ከ10 ዓመት በላይ ቢመዘገብ የሚጠቅም ነገር ምንድን ነው? ማን ይመዝግበው? ደብተሩስ የት ይቀመጥ?